የበገና ድምፅ በየትኛው መስኮት ይታያል?

(በልደታ ግቢ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የንግግሬ ርእስ የሙዚቃን ድምፅ በኮምፒዩተር መመርመር ነው። ድምፅን ከፋፍሎ የሚያሳይ መሣሪያ ያለው አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም ቋንቋ አለ። ይህ ቋንቋ ለአገራችን የዜማ መሣሪያዎች ምን ሊጠቅም እንደሚችል፣ በጥንቃቄ ካልያዝነውም ምን ሊያበላሽ እንደሚችል ላስረዳ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

አንዳንድ ወንድሞች «የሕንፃ ተማሪ ከበገና ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ከተቋቋመው ከዚህ ከልደታው ትምህርት ቤታችን የምንማረው ዋና ልማድ ከመሥራት በፊት መለካትን ነው። ኮንክሪቱ ጠንካራ ነው ብሎ የነገረንን ሰው በቃሉ ብቻ አናምነውም። ኩብ ሠርተን፣ ውኃ አጠጥተን፣ በ28ኛው ቀን በመኪና ጨፍልቀን ጥንካሬውን በቁጥር እናነባለን። አሮጌ ቤት የሚፈርስ ከሆነም ከመፍረሱ በፊት ልኩ ተወስዶ በወረቀት እንዲቀር እንመክራለን። ከአጥራችን ውጭ ያለው የልደታ ሰፈር አብዛኛው ክፍል ፈርሶ እንደገና መሠራቱን ሁላችንም እናውቃለን። ልኩ ያልተወሰደ ቤት ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነው። የዜማችንም ነገር እንደዚሁ ነው።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች እንዳሉት የታወቀ ነው። እነርሱም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ናቸው። የምልክቶቹ ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይህ ታላቅ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ብዙ አገር የሌለው ቅርስም ነው። ነገር ግን ምልክቶቹ የሚነግሩን የድምፁን አካሄድ ነው። ደረት ድምፁ ወደ ታች እንዲወርድ፣ ርክርክ ድምፁ እንዲርከረከር ያስታውሳል። ከአንዱ ድምፅ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ስንት እንደ ሆነ ግን በብራናው ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው በመሪጌታው ጕሮሮና በደቀ መዝሙሩ ጆሮ ውስጥ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶችም እንዲሁ ከጆሮ ወደ ጆሮ የተላለፉ ናቸው። መቃኛውን የሚያዞረው እጅ ትክክለኛውን ቦታ የሚያውቀው ከመምህሩ ስለ ሰማው ነው።

ታዲያ ዛሬ ይህን ጆሮ የሚፈታተን ነገር መጥቷል። እርሱም በየቤቱ የገባው የፒያኖ ዓይነት ኪቦርድና በየስልኩ ውስጥ ያለው የመቃኛ ፕሮግራም ነው። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለት አንድ ድምፅ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። አሌክሳንደር ኤሊስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1885 የየአገሩን ቅኝት ለማነጻጸር እያንዳንዱን ደረጃ ደግሞ በ100 ከፋፍለው ሴንት የሚባለውን መለኪያ አወጡ፤ ስለዚህ አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው። ኤሊስ ይህን መለኪያ ያወጡት የተለያየ አገር ሰዎች ኦክታቭን በተለያየ መንገድ እንደሚከፍሉ ለማሳየት ነበር። የስልኩ መቃኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ12ቱ በቀር ሌላ አያውቅም። አንድ ወጣት የክራሩን አውታር መምህሩ እንዳስተማሩት ሲቃኝ ድምፁ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ቢውል ስልኩ ቀይ ያበራበታል። ወጣቱም አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ መቃኛውን ያዞራል። እንግዲህ የተሳሳተው ማን ነው? መምህሩ ናቸው ወይስ ስልኩ? ከሃያ ዓመት በኋላ ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው እንኳ ላይገኝ ይችላል፤ ጆሮው ሁሉ በአረንጓዴው መብራት ተቃኝቶ ያድጋልና።

እኔ ስልክና ኪቦርድ ይውደሙ የምል ሰው አይደለሁም። የምለው መሣሪያን በመሣሪያ መመለስ ይቻላል ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ።  በ1957 ማክስ ማቲውስ የተባሉ መሐንዲስ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ አንድ ግዙፍ ኮምፒዩተር አጭር ዜማ እንዲያሰማ አደረጉት። በ1986 ባሪ ቬርኮ በኤም.አይ.ቲ. ሲሳውንድ የሚባለውን ቋንቋ አወጡ። እኔ የምሠራበት ሱፐርኮላይደር የሚባለውን ጄምስ መካርትኒ በ1996 አወጡት፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ተለቀቀ። ይህ ነጥብ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ፈቃድ መግዣ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት በሄደም ጊዜ በተራ ላፕቶፕ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራል።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ ድምፅን ከፋፍሎ የሚያሳይ መሣሪያ አለ። መሠረቱ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። የፀሐይ ብርሃን በዝናብ ጠብታ ውስጥ አልፎ ቀስተ ደመና ሲሆን ቀለሞቹ እንደሚለያዩ ሁሉ አንድ ውስብስብ ድምፅም በተለያየ ፍጥነት በሚርገበገቡ ቀላል ድምፆች ሊከፋፈል ይችላል። የተከፋፈለው ውጤት ስፔክትረም ይባላል። በሰከንድ የሚደረገው ርግብግቢት ብዛት በሄርዝ ይቈጠራል። ኩሊና ቱኪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1965 ይህን ስሌት እጅግ የሚያፋጥን ዘዴ ስላሳተሙ ዛሬ ትንሽ ኮምፒዩተር ሙዚቃው እየተሰማ እግር በእግር ሊከፋፍለው ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደረ የዓምዶች ሰልፍ ነው። በግራ ወፍራሙ ድምፅ፣ በቀኝ ቀጭኑ ድምፅ አለ፤ የዓምዱ ቁመት የድምፁን ኀይል ያሳያል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ድምፁን በሙሉ በአንድ ጊዜ አያየውም፤ በትንሽ መስኮት አጮልቆ ነው የሚያየው። ድምፁ በሰከንድ 44100 ጊዜ ተነብቦ ይመዘገባል። ተጠቃሚው ከነዚህ ንባቦች ስንቱን በአንድ ላይ እንደሚመረምር ይወስናል። 2048 ንባብ ቢወስድ መስኮቱ የሰከንድ 46 ሺሕኛ ያህል ርዝመት አለው፤ ዓምዶቹም እርስ በርሳቸው በ21.5 ሄርዝ ይራራቃሉ። 8192 ቢወስድ ርቀቱ ወደ 5.4 ሄርዝ ይጠብባል። 16384 ቢወስድ ወደ 2.7 ሄርዝ ይወርዳል፤ መስኮቱ ግን የሰከንድ 37 መቶኛ ይሆናል። የዓምዶቹ ርቀት በመስኮቱ ርዝመት ሲባዛ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንዱን ጠባብ ስታደርጉ ሌላው ይሰፋል። ዴኒስ ጋቦር በ1946 ይህ ገደብ ከመኪናው ድክመት ሳይሆን ከነገሩ ተፈጥሮ የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል። ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰውም ሊሻገረው አይችልም።

ይህን በጆሮዬና በዓይኔ ለማረጋገጥ አንድ ቀላል ሙከራ አደረግሁ። ሁለት ንጹሕ ድምፆችን ባንድነት አሰማሁ። አንዱ 110 ሄርዝ፣ ሁለተኛው 116.5 ሄርዝ ነው፤ በፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ወፍራም ቁልፎች ማለት ነው። በ2048 መስኮት አንድ ወፍራም ጉብታ ብቻ ታየ። በ8192ም አልተለያዩም። በ16384 ሁለት መሆናቸው መታየት ጀመረ፤ በ32768 በግልጽ ተለያዩ። ያን ጊዜ ግን መስኮቱ የሰከንድ ሦስት አራተኛ ያህል ሆነ።

ድምፁ ብቻውን ከሆነ አጎራባች ዓምዶችን በማነጻጸር ከዓምዶቹ ርቀት ይበልጥ የጠራ ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ሁለት ድምፆች ተቀራርበው ባንድነት ሲሰሙ ግን ከመስኮቱ ርዝመት በቀር መለያ የለም።

አሁን ይህን ወደ አገራችን ዜማ መልሱት። ለደረት ረጅም መስኮት ያስፈልጋል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዝግ ብሎም ይቆያል። ለርክርክ ግን ይኸው ረጅም መስኮት ጠላት ነው። መሰንቆ መቺው በሰከንድ ዐሥር ጊዜ ድምፁን ቢለዋውጥ በ16384 መስኮት ውስጥ አራት ያህል ድምፆች ተደራርበው ይገባሉ፤ ኮምፒዩተሩም እርስ በርስ አፍጭቶ ማንም ያልተጫወተውን ድምፅ ያሳየናል። ስለዚህ «የኢትዮጵያን ዜማ በስንት መስኮት ልመርምር?» ለሚል ሰው አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም። የትኛው ደረት፣ የትኛው ርክርክ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልጋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ያባቶች አነጋገር ለኮምፒዩተርም የሚሠራ ነው።

ሁለተኛው ሙከራዬ በበገና ላይ ነበር። በገና ዐሥር አውታር እንዳለው ታውቃላችሁ፤ አውታሩ በልማድ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። በጣት ሲደረደር ዐሥሩም አይመቱም፤ ከፊሉ የጣት ማረፊያ ነው። የበገና ልዩ ምልክቱ ግን በበርኩማው ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የሚገባው እንዝራ የሚባለው ቍራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን ስለሚነካካ ያ ሁላችንም የምናውቀው ዝዝታ ይወጣል። እንዝራው በጥቂቱ ከቦታው ቢዛነፍ ድምፁ ይሞታል፤ ደርዳሪው ቅኝቱን ብቻ ሳይሆን እንዝራውንም ለረጅም ጊዜ እያስተካከለ የሚቀመጠው ስለዚህ ነው።

አንድ በገና ደርዳሪ ፈቅደውልኝ እያንዳንዱን አውታር ለየብቻው ቀረጽሁ። በስፔክትረሙ ላይ ያየሁት አስገራሚ ነበር። የአውታሩ መሠረታዊ ድምፅ ዓምድ ከሁሉ ረጅም ይሆናል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እንዲህ አልነበረም። ኀይሉ የተከማቸው ወደ ላይ፣ ሃርሞኒክ በሚባሉት የመሠረታዊው ድምፅ እጥፎች ላይ ነበር። እንዝራው ከሥር ያለውን ኀይል ወስዶ ወደ ላይ ይበትነዋል ማለት ነው። በቤልጅግ አገር ስቴፋኒ ዌይሰር የተባሉ ተመራማሪ በገናንና ይህን ዝዝታውን ለብዙ ጊዜ አጥንተዋል። የሕንዱ ሊቅ ራማንም፣ በ1930 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት፣ ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ታምቡራ የሚባለውን የአገራቸውን መሣሪያ መርምረዋል። በታምቡራ በርኩማ ላይ ከአውታሩ ሥር ቀጭን ክር ይደረጋል፤ ከእንዝራ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ይሠራል። ራማን በካልካታ ሆነው ይህን ሲመረምሩ የተነሡት አገራቸው ከምትሰማው ድምፅ መሆኑን ልብ በሉ።

ቀጥዬ በሱፐርኮላይደር ውስጥ ባሉት መሣሪያዎች ድምፁን ቀንሼ አየሁ። አንደኛው መሣሪያ ከተወሰነ ቁመት በታች ያሉትን ዓምዶች ሁሉ ያጠፋል፤ ከዚያ የቀረውን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ወሰኑን ከፍ ሳደርገው ጥቃቅኖቹ የላይ ዓምዶች ጠፉ፤ ዝዝታውም አብሮ ሄደ። የቀረው ድምፅ ቅኝቱን አልሳተም፤ ነገር ግን በገና አልነበረም። ልብ በሉ፤ የተቀረጸን ድምፅ ያጠራሉ የሚባሉ ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ዝዝታን እንደ ብልሽት ቈጥሮ የሚያጠራ ሰው የበገናን ነፍስ ጠርጎ ይጥላል።

ሁለተኛው መሣሪያ በተወሰነ ቦታ ግድግዳ አቁሞ ከዚያ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሁሉ ይቈርጣል። መሠረታዊውን ድምፅ ጨርሼ ቈረጥሁት። ሆኖም ጆሮዬ ያንኑ ወፍራም አውታር ሰማ። ይህ ተአምር አይደለም። የቈየው የስልክ መሥመር ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን አያስተላልፍም ነበር፤ የአዋቂ ወንድ መሠረታዊ ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ሄርዝ በታች ነው። ቢሆንም አባታችን በስልክ ሲናገሩ የሕፃን ድምፅ አይመስሉንም። ጆሮ ከእጥፎቹ ተነሥቶ የጠፋውን መሠረት ራሱ ያስበዋል። ረጅሙን ዓምድ ብቻ ፈልጎ «ድምፁ ይህ ነው» የሚል ፕሮግራም ግን በገናውን በአንድ ኦክታቭ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ ያነበዋል።

በቋንቋው ውስጥ ድምፁ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ የሚፈልግ ሌላ ዝግጁ መሣሪያ አለ። እርሱ ረጅሙን ዓምድ ከማየት ይልቅ ድምፁ ራሱን በስንት ጊዜ እንደሚደግም ስለሚያይ ለበገና ይሻላል። ነገር ግን ማንም ካልነካው የሚፈልገው ከ60 እስከ 4000 ሄርዝ ባለው ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች የተቃኘ አውታር ቢቀርብለት ወይ ይሳሳታል ወይ ዝም ይላል። ወሰኑን ማውረድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማውረድ እንደሚያስፈልግ ግን የሚያውቀው በገና የሰማ ሰው ነው።

መሠረታዊ ድምፅን ቈርጦ እጥፎቹን ብቻ ማሰማት አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓት ላይ የሴቶችን ዝማሬ በሽቦ መቅረጫ ቀርጸው፣ በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ የድምፁን መሠረት እየቀነሱ፣ ማስተጋቢያ እየጨመሩ ሥራ ሠርተዋል። ይህ ሥራ በዓለም ላይ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። እኚሁ ሰው በ1959 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠሩ፤ ከዚያም በ1962 መጥተው በዚሁ በእኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው፣ አስተማሩ። በ1963ም የበገና፣ የክራር፣ የመሰንቆና የዋሽንት ባለሙያዎችን ባንድነት ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። በጊዜው ከነበሩት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰዎች አንዱ በአዲስ አበባ ሲያስተምሩ መጀመሪያ ያደረጉት መኪና ማስመጣት ሳይሆን ባለሙያዎቹን መሰብሰብ መሆኑ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል።

አሁን ወደ ቅርብ ጊዜ ሥራ ልለፍ። ኢትዮጵያውያን ያሉበት አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በ2023 ባሳተመው ጥናት 600 የድምፅ ናሙናዎች ሰብስቧል። ናሙናዎቹ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የአዝማሪ ዘፈንና ዘመናዊ ሙዚቃ ናቸው። አምስት ዐዋቂዎች እያንዳንዱን ሰምተው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ብለው ፈረዱ፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ፍርዱን እንዲማር ተደረገ። ከሁሉ የበለጠው ዘዴ 95 ከመቶ ያህል አገኘ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ በተለይም የአምስቱን ዐዋቂዎች ጆሮ አስቀድሞ መጠየቁ።

እዚህ ላይ ግን የተማሪ ጥያቄ ልጠይቅ። በዚያ ጥናት ብልጫ ያሳየው የድምፅ መግለጫ ኤም.ኤፍ.ሲ.ሲ. የሚባለው ነው። ይህ መግለጫ የታወቀው ንግግርን ለመለየት በመዋሉ ነው። የስፔክትረሙን አጠቃላይ ቅርጽ ይይዛል፤ ዓምዶቹ በትክክል የቆሙበትን ቦታ ግን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ የሚነግረን የድምፁን ቀለም ነው ማለት ይቻላል፤ ስለ አውታሮቹ ርቀት የሚነግረን ጥቂት ነው። ቅኝት ደግሞ በእኛ አነጋገር ከሁሉ በፊት የአውታሮች ርቀት ነው። ታዲያ ኮምፒዩተሩ የለየው ቅኝቱን ነው ወይስ በየቅኝቱ የሚዘወተረውን መሣሪያ፣ የዘፋኙን ጕሮሮና የቀረጻውን ሁኔታ? ጥያቄው ጥናቱን ለማቃለል አይደለም። መልሱ ግን በሌላ ዓይነት ሥራ የሚገኝ ነው። እያንዳንዱን አውታር ለየብቻው መለካት ያስፈልጋል፤ እርሱም ትልቅ ኮምፒዩተር የማይጠይቅ፣ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጥቂት አባላት ያሉበት የድምፅ መዝገብ ክፍል ይቋቋም። አንድ ደኅና ማይክሮፎንና አንድ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ባለሙያ ስንቀርጽ ከዘፈኑ በፊት እያንዳንዱ አውታር ብቻውን እየተመታ እስኪጠፋ ድረስ ይያዝ። አውታር እንደ ተመታ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ጥቂት ከፍ ብሎ ይጀምርና ኋላ ይረጋል፤ ልኩ መወሰድ ያለበት ከረጋ በኋላ ነው። በየቀረጻው ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ባለሙያው ቅኝቱን የሚጠሩበት ስምና መስኮቱ ስንት እንደ ነበረ ይጻፍ። መስኮቱ ያልተጻፈበት ስፔክትረም ሚዛኑ ያልተጻፈበት ፕላን ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቀረጻው ሳይጨመቅና ሳይጠራ ይቀመጥ። ዝዝታውም፣ የጣቱም ድምፅ፣ የክፍሉም ማስተጋባት ይቆይ። ዛሬ ቆሻሻ የመሰለን ነገር ነገ ለሌላ ተማሪ ዋናው ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ባለሙያው ፈቃዳቸው ይጠየቅ፣ ለጊዜያቸው ይከፈላቸው፣ የቀረጻው ቅጅም ይሰጣቸው። ዕውቀቱ የእነርሱ ነው። ድምፃቸውን ወስዶ የሚሰወር ሰው ከማጥናት ይልቅ መዝረፍ ይቀናዋል።

አምስተኛ፣ በዚሁ በዩኒቨርሲቲያችን ካለው ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ባንድነት እንሥራ። እነርሱ ጆሮ አላቸው፣ እኛ ስሌት አለን። ከልደታ እስከዚያ ያለው መንገድ የአንድ ታክሲ ጉዳይ ነው፤ ያራራቀን ልማዳችን ነው።

«አገሪቱ ይህን ያህል ችግር እያላት የበገና ዓምድ መቍጠር የቅንጦት ሥራ አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ተቃውሞው በቀና ልብ የሚቀርብ ስለ ሆነ በቀና ልብ ልመልስ። ድምፅን በስፔክትረም መመርመር የተማረ መሐንዲስ የዋለበትን ሙያ ለብዙ ነገር ይጠቀምበታል። የድልድይ ርግብግቢት፣ የሞተር ሕመም፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ምዝገባ፣ የልብ ምት ምርመራ በዚሁ ስሌት ይሠራሉ። ስለዚህ በበገና የተማረው ተማሪ ትምህርቱ አይባክንም። ከዚህም በላይ ድልድዩን ሌላ አገር የመጣ መሐንዲስ ሊሠራልን ይችላል፤ እንዝራው በትክክል መቀመጡን ግን ሰምቶ የሚፈርድልን ከዚህ አገር ጆሮ በቀር የለም።

ሌሎች ደግሞ «ዜማ መንፈስ ነው፤ በቁጥር አይለካም» ይላሉ። እኔም መንፈስ ይለካል አላልሁም። የሚለካው አውታሩ ነው። መለካታችንም መምህራኑን ለማረም አይደለም፤ የእነርሱ ጆሮ ያጸናውን ቦታ በቁጥር ጽፈን ለስልኩ ለማስተማር ነው። ዛሬ ስልኩ መምህሩን እያረመ ነው። ልኩ በእጃችን ቢኖር ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ አረንጓዴ የሚያበራ መቃኛ እኛው ራሳችን ልንጽፍ እንችላለን። በዚሁ ቋንቋ ጥቂት ገጽ የማይሞላ ሥራ ነው። የጎደለው ፕሮግራሙ ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ናቸው፤ ቁጥሮቹም ያሉት በሕይወት ባሉ ሰዎች ጣትና ጆሮ ውስጥ ነው።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል። ከቤልጅግ ድረስ መጥተው በገናን ያጠኑ ሰዎች እንዳሉ ነግሬአችኋለሁ፤ እናመሰግናቸዋለን። ባለቤቶቹ ግን እኛ ነን። መስኮቱን የምንመርጠው፣ ወሰኑን የምናወርደው፣ ዝዝታው ይቆይ ወይም ይጠረግ ብለን የምንፈርደው እኛ ካልሆንን መሣሪያው በሠሪው ልማድ ይፈርድልናል። በድምፅ መዝገቡ ክፍል ለመሥራት የሚፈልግ አባል ስሙን ከዚህ ስብሰባ በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። በገና ያለው ሰው ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁም ንገሩን፤ ማይክሮፎኑን ይዘን ወዳሉበት እንሄዳለን።